ካልሲየም የአጥንት ብቻ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ካልሲየም የወጣውን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው፣ ግን ወሬው ሁሉ አጥንትና ጥርስ ላይ ቀረ፣ እኔ ደግሞ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነርቭ ሴል እረፍት ላይ ሲሆን ውስጡ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጪው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ቻናሉ (ሴሉ ሽፋን ላይ ያለው የካልሲየም መግቢያ በር) ለአፍታ ከተከፈተ ካልሲየሙ እንደ ደራሽ ውሃ ነው የሚገባው፣ በዛ ካለ ደግሞ ሴሉን ይገድለዋል። ታዲያ ማነው የሚያስቆመው? ካልሞዱሊን የሚባል ትንሽዬ ፕሮቲን ገና ካልሲየም ሳይገባ ቻናሉ ጭራ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፣ 4 ካልሲየም መያዝ ይችላል፣ ሲይዝ ቅርፁ ይቀየርና ቻናሉን ያስዘጋዋል። የገባው ካልሲየም ራሱ ነው በሩን የሚያስዘጋው ማለት ነው! ይሄ ነገር መጀመሪያ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓራሚሲየም የምትባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ላይ ነው፣ አዎ ያችው በማይክሮስኮፕ የምናያት።

ቻናሉን የሚዘጋው ግን ሁሉም ፕሮቲን አይደለም። ካብፒ1 የሚባለው የካልሞዱሊን ዘመድ ቦታውን ይቀማና ቻናሉ ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ ካብፒ4 ደግሞ ዓይናችን ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ላይ ያሉት ቻናሎች በቀላሉ እንዲከፈቱ ያግዛል፣ ጂኑ ሲበላሽ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የማየት ችግር ይገጥመዋል።

እና እባካችሁ «ካልሲየም ክኒን አእምሮ ያነቃል» የሚለውን ማስታወቂያ ከዓምዱ አጠገብ አታውጡት፣ የደም ካልሲየምን ሆርሞን ነው የሚቆጣጠረው፣ ክኒን ስለዋጥን ነርቭ ውስጥ ዘው ብሎ አይገባም።