መንጃ ፈቃድ ላላቸው ነዋሪዎች ከፍ ያለ የማሽከርከር ሥልጠና እንዲከፈት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

በዚህች ከተማ ከ12 ዓመት በላይ ያሽከረከርኩ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ፣ ተሳፋሪ ሊያወርድ ከቆመ ሚኒባስ ፊት ሶፍት የሚሸጥ ልጅ ድንገት ወጣ፤ መኪናዬ የቆመው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው። በፍጥነት አልነዳሁም። ነገር ግን የልጁ እግሮች በሚኒባሱ ሥር አስቀድመው ይታዩ እንደነበር አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ነገረኝ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስሠለጥን በኮኖች መካከል ወደ ኋላ መንዳትንና ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መያዝን ተምሬያለሁ፤ ከቆመ መኪና ሥር እግር መፈለግን ግን ያስተማረኝ የለም።

በብሪታንያ ይህን የመሰለው ዕውቀት ከፖሊስ ወደ ሲቪሉ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለንደን ሄንደን ውስጥ ከተከፈተው የፖሊስ የማሽከርከር ትምህርት ቤት ወግ የወጣው ሥርዓት፣ አሽከርካሪው በቅድሚያ መረጃ ሰብስቦ መኪናው መንገድ ላይ የሚይዘውን ቦታ፣ ፍጥነቱንና ማርሹን በቅደም ተከተል እንዲያስተካክል፣ ነዳጅም በመጨረሻ እንዲሰጥ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተው የላቁ አሽከርካሪዎች ተቋም ይህንኑ ለተራው ነጂ አቀረበ። በእርግጥ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ፖሊሱ ለሳምንታት ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠለጥን ሲሆን ለአስቸኳይ ጥሪ ከፍጥነት ገደብ በላይ መንዳትንም ይለማመዳል፣ ሲቪሉ ግን በትርፍ ሰዓቱ ከበጎ ፈቃደኛ ጋር እየወጣ በገደቡ ውስጥ ብቻ ይነዳል።

ለእኛ የሚጠቅመን የፖሊሱ ፍጥነት ሳይሆን ሁለቱም የሚጋሩት ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም እየነዱ የሚያዩትን ጮክ ብሎ መናገር ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ሞከርኩት፦ «ረዳቱ በሩን ከፍቷል፤ ታክሲው ወደ ቀኝ ሊቆርጥ ነው፤ ከኋላዬ ባጃጅ አለ።» ብዙም ሳልርቅ የምናገረው አለቀብኝ፤ ለካስ ዓይኔ ከፊቴ ካለው መኪና አልፎ አይመለከትም ነበር።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ልምድ ያላቸውን የትራፊክ ፖሊስ አባላት አስተባብሮ፣ በማሠልጠኛ ግቢ ሳይሆን በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ የሚሰጥና በፈቃደኝነት የሚወሰድ ሥልጠና እንዲከፍት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭነው ለሚውሉት የሚኒባስ አሽከርካሪዎችም ቅድሚያ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ዙር ሲከፈት ለመመዝገብ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የከተማዋ አሽከርካሪ