ከሰሉን ከድንኳናችን ላወጡልን አባት እና ለዲንሾ ሰዎች በሙሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ለመፃፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ በጀመርኩት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝና እተወዋለሁ፣ ዛሬ ልጄ ተኝቶልኛል እና እንደመጣልኝ ልፃፈው። ብዙዎቻችሁ "ልጁ እንዴት ሆነ" ብላችሁ ደውላችኋል፣ ደህና ነው፣ ክብር ለመድኃኔዓለም፣ ሶፋ ላይ መውጣት መውረድ ጀምሯል።

ላልሰማችሁ፣ የገና ሰሞን እኔ ባለቤቴ እና የ14 ወር ልጃችን ካምፒንግ ብለን ባሌ ሄደን ነበር። ከአዲስ አበባ በአሰላ በኩል ዶዶላን አዳባን አልፎ ዲንሾ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከህፃን ጋር ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ ነው፣ ለዳይፐር ቆምን፣ ለጡት ቆምን፣ በግ ስላየ ቆምን። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ ያለበት ቦታ ነው፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጥድና ኮሶ የሞላበት ጫካ። ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ የደጋ አጋዘን ከነግልገሏ ቅርባችን መጥታ ቆመች፣ ልጄ እጁን ዘርግቶ "ኧ! ኧ!" እያለ ሲጮህ እንኳን አልሸሸችም፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኝ እንስሳ ልጄ በዚህ እድሜው በአይኑ አየ ብዬ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ፀሀይዋ ስትጠልቅ ግን ብርዱ ሌላ ሆነ። በዛ ሰሞን ለሊት ለሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። እኛ ስሊፒንግ ባግ የያዝነው ለሁለታችን ብቻ ነው፣ ለልጁ ብርድ ልብስና ጋቢ ይበቃል ብለን ነበር፣ አልበቃም። እግሩን ስነካው በረዶ ሆነብኝ። ከዛ ለቡና ብለን የያዝነው ከሰል ትዝ አለኝ፣ ቡናው ተጠጥቶ ፍሙ ደህና ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ማንደጃውን ብድግ አርጌ ድንኳን ውስጥ እግራችን ጋ አስቀመጥኩና ዚፑን ዘጋሁት። ሞቀን። ልጄም እንቅልፍ ወሰደው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ለጥበቃ የሚዞሩት ስካውት፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የድንኳኑን ቅላት ከውጪ አይተው "ክፈቱ! ክፈቱ!" ብለው ጮሁ። ባለቤቴ ሲከፍት ምንም ሳይሉ ገብተው ማንደጃውን በእጃቸው ይዘው ወጡና አፈር አለበሱት። እኔ ተናደድኩ፣ አልዋሽም፣ "ልጄ በብርድ ይሙት ነው የሚሉት?" አልኳቸው ድምፄን ከፍ አርጌ። እሳቸው አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም፣ ግን ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ "በብርድ አይሞትም፣ እናቱ አለሽ። በዚህ ግን አንቺም አትነሺለት።"

ሄዱ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ የገብስ ገለባ በጆንያ ተሸክመው፣ ቡልኮ ትከሻቸው ላይ ጥለው ተመለሱ። ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው ብለው ገለባውን ከስራችን አነጠፉልን፣ ልጁን መሀላችን አስተኙና ቡልኮውን ሦስታችንም ላይ ደረቡልን። የገዛ ቡልኳቸው ነው። እሳቸው ያን ለሊት ምን ለብሰው እንዳደሩ እስካሁን አላውቅም።

ከለሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ልጄ ነቃ። ሳሉ የህፃን ሳል አይደለም፣ ልክ እንደ ውሻ ጩኸት፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ደግሞ ሲር ሲር ይላል፣ አንገቱ ስር ጎድጎድ ይላል። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ጮህኩ። ከጎናችን ያለው ድንኳን ውስጥ የነበረችው እህት በካልሲዋ ሮጣ መጣች፣ ነርስ ነች፣ ስምሽን መፃፍ አልፈቀድሽልኝም እንጂ በትልቁ ነበር የምፅፈው። መጀመሪያ ያረጋጋችው እኔን ነው፣ አንቺ ካለቀስሽ እሱ ያለቅሳል፣ ካለቀሰ ጉሮሮው ይበልጥ ይጠባል አለችኝ። ቀጥ አርገሽ ያዢው፣ አፉን ከፍተሽ ጉሮሮውን ለማየት አትሞክሪ፣ በጋቢ ጠቅልለን ወደ ውጪ እናውጣው አለች። ወደ ብርዱ! አላመንኳትም ግን ወጣን፣ ቀዝቃዛው አየር ትንሽ ትንሽ ለቀቅ አረገለት፣ በጆሮዬ ሰማሁት።

የኛ መኪና በብርዱ አልነሳ አለ። ቱሪስት ይዞ የመጣው ሹፌር ሳንጠይቀው ላንድክሩዘሩን አስነስቶ ጠበቀን፣ እሷም አብራን ገባች፣ እስከ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በጉም መስኮቱን ትንሽ ከፍተን ነዳን። ወንድሜ፣ ብር ስንሰጥህ እጅህን ከኪስህ አላወጣህም፣ "እኔም ልጆች አሉኝ" ብቻ ነው ያልከው፣ እግዜር ልጆችህን ያሳድግልህ።

ሮቤ ሆስፒታል ተረኛው ዶክተር ገና ከበር ሳሉን ሲሰማ "ክሩፕ ነው" አለ፣ የህፃናት ጉሮሮ አብጦ መተንፈሻቸውን የሚያጠብ ህመም ነው። መዘኑት፣ 10 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በኪሎው ልክ ዴክሳሜታሶን የሚባል እብጠቱን የሚቀንስ መድኃኒት አንዴ ሰጡት፣ አድሬናሊን ደግሞ በማስክ አስተነፈሱት። ያ በማስክ የሚሰጠው ቶሎ ያሽላል ግን ኃይሉ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ስለዚህ ሲያልቅ እንዳይመለስበት ብለው እስኪነጋ አቆዩን። ዶክተራችን፣ ተረኛ ነርሶቹ፣ እሳት እየሞቀ ሻይ ያመጣልን ጥበቃ፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ለእናቶች ልበል። ከተመለስን በኋላ አንዲት ዘመዳችን "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጡት" አለችኝ፣ ከፍቅር ነው አውቃለሁ። እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ። ክሩፕ ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉት ላይ ይበዛል፣ እቤታችንም ብንሆን ሊይዘው ይችል ነበር አለኝ ዶክተሩ። ስለዚህ "ህፃን ይዛችሁ ጫካ ምን ወሰዳችሁ" ለምትሉን፣ ጫካው አይደለም ያሳመመው።

ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ክሩፑ አይደለም። ሊነጋጋ ሲል ዶክተሩ "ድንኳን ውስጥ ከሰል ነበር ወይ" ብሎ ሲጠይቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። የፍም ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭስ ስለሌለው ጋዝ የለውም ማለት አይደለም፣ ድንኳን ጨርቅ ቢሆንም ዚፑ ከተዘጋ ያው ቤት ነው፣ ህፃን ደግሞ ከኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይመታል። በከሰል ታፍነው ስለሞቱ ቤተሰቦች ስንቴ በዜና ሰምቻለሁ፣ ስንቴ ከንፈሬን መጥጫለሁ፣ እና በእጄ አስገባሁት። ሰዉ ሁሉ ልጄን ያተረፈው ሆስፒታሉ ነው ይላል፣ እውነት ነው፣ ግን ያ ከሰል እዛው ቢያድር ሳሉን ሰምቶ የሚነቃ አባትም እናትም አልነበረውም።

በማግስቱ ዲንሾ ስንመለስ ድንኳናችን ታጥፎ፣ እቃችን ተሰብስቦ አዴ የሚሏቸው እናት ቤት ገብቶ ጠበቀን፣ የልጁ ጡጦ እንኳን ታጥቦ። አዴ ትኩስ ወተት አጠጡን፣ ልጄን እቅፍ አርገው በኦሮምኛ መረቁት፣ ቃሉ ባይገባኝም አሜን አሜን አልኩ። ስካውቱን አባት ግን አላገኘናቸውም፣ ተረኝነታቸው አልቆ ወደ ቤታቸው ሄደዋል አሉን፣ ቤታቸው ሩቅ ነው። ቡልኮውን አዴ ጋ አስቀምጠን መጣን። ያን ምሽት የመጨረሻ ያልኳቸው ነገር ያ ክፉ ቃል ነው፣ ቡልኮውን ሲያለብሱን እንኳን አፍሬ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም።

ስለዚህ ዲንሾ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄን ካነበባችሁ እሳቸው ስልክ ላይ አያነቡትምና ሄዳችሁ በኦሮምኛ ንገሩልኝ። የቡልኮው ልጅ ደህና ነው፣ እናቱ ይቅርታ ብላለች፣ ገላቶማ ብላለች በሉልኝ።