ሾኩን ከማዘዝህ በፊት መኪናውን መዝነው

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። መልእክትህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ በሐምሌ ልጆቹን ይዘህ ከዴንቨር ወደ የሎውስቶን ፓርክ ልትወጣ ማሰብህ ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ። «ሞተርሆሙ ድልድይ መጋጠሚያ ላይ እንደ ቅል ይናጣል፣ የጎን ነፋስ ሲመታውም መሪውን ከእጄ ይነጥቀኛል፤ የትኛውን ሾክ ልግዛ?» ስላልከው ስለዚያ ባለ ቤት መኪናህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ፤ የምትጭነው ቤተሰብህን ነውና።

ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም። የአንተ መኪና በፎርድ ኤፍ 53 ሻንሲ (ቤቱ የሚቀመጥበት የታችኛው አካል) ላይ የተሠራ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ሸክሙ ያለው ባሌስትራው፣ ማለትም ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ ላይ ነው። የሾኩ ሥራ ባሌስትራው ተጭኖ ሲመለስ እየደጋገመ እንዳይዘል መግታት ነው። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል፣ ንዝረቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይወጣል። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ወይም ጭራው የወረደ መኪና ምንም ዓይነት ሾክ ቢገባለት አይቃናም።

ከነገርኸኝ ሁለት ችግር ውስጥ መናጡ የሾክ ነው። ነፋሱ ግን በአብዛኛው የስዌይ ባር (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ብረት)፣ የጎማ ንፋስና የጎማ አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ውድ ሾክ ይገዛና መኪናው እንደ ድሮው ሲዋዥቅ ያዝናል።

ስለዚህ መጀመሪያ መዝነው። ለጉዞ እንደምትነሣ አድርገህ ጫን፤ ቤንዚኑ ሙሉ፣ ውሃው ሙሉ፣ ልጆቹም እየቦታቸው ይሁኑ። 75 ጋሎን ቤንዚን ብቻውን ወደ 460 ፓውንድ ይመዝናል፣ 50 ጋሎን ውሃ ከ400 ፓውንድ ያልፋል። የከባድ መኪና ማደያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ። የፊት ጎማህን አንደኛው መድረክ ላይ፣ የኋላውን ሁለተኛው ላይ አቁመህ የእያንዳንዱን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ) ክብደት ለየብቻ በወረቀት ትቀበላለህ። ወረቀቱን ሾፌሩ አጠገብ ከተለጠፈው የክብደት ወሰን ጋር አስተያየው። የኋላው አክስል ካለፈ መፍትሔው ዕቃ መቀነስ ነው።

በዚያው ወረቀት የጎማህን ንፋስ አስተካክል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም የሚፈልገው ነው። ጭነትህ ከዚያ ካነሰና እስከዚያ ድረስ ከነፋኸው ጎማው እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መንገዱ ሁሉ ጥርስህ ድረስ ይሰማሃል፣ ጥፋቱም በሾኩ ይላከካል። የጎማው ፋብሪካ በክብደት የሚነበብ ሰንጠረዥ አለው፤ ከእሱ ተነሣ። ጎማውን በብርዱ ጧት፣ ሳትነዳ ለካው።

ከዚያ ከስር ገብተህ ስዌይ ባሩን እይ። በብዙዎቹ ኤፍ 53 ላይ የባሩ ጫፍ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሊንኩ፣ ማለትም ባሩን የሚያያይዘው አጭር ዘንግ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ውጭኛው ላይ ታስሮ ነው የሚመጣው። ወደ ውስጠኛው ስታዛውረው ክንዱ ስለሚያጥር ባሩ ይጠነክራል፣ መኪናውም በጎን ነፋስና በመታጠፊያ ላይ የሚያዘነብለው ይቀንሳል። አንድ ሳንቲም አታወጣበትም። ሜዳ ላይ አቁመህ ሥራ፣ ስትጨርስም ሊንኩ ምንም ነገር እንደማይነካ አረጋግጥ። ባርህ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ይህን እለፈው፤ ቡሺንጎቹን (ባሩን ያቀፉትን ላስቲኮች) ግን ተመልከት፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ባሩ ውስጡ የሚንገዋለል ከሆነ ቀይራቸው።

አሁን ወደ ሾኩ። ሞቷል አልሞተም የሚለውን ለማወቅ መዳፍህን በፊት ጎማዎቹ ጥርስ ላይ ዙሪያውን አሂድ። በየተወሰነ ርቀት በማንኪያ የተዛቀ የሚመስል ጎድጓዳ ካገኘህ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲዘል ኖሯል ማለት ነው፤ የተለመደው ምክንያት ደግሞ የደከመ ሾክ ነው። የሾኩ ገላ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ቢኖር አያስደነግጥም። ዘይቱ ወርዶ ከታች አቧራ ከተጣበቀበት ግን አልቋል። እንደ ትንሽ መኪና ጫፉን ተጭኖ መልቀቅ እዚህ አይሠራም፤ ክብደቱ አይፈቅድልህም።

በውስጥ አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ቱቦው፣ ከሞንሮ የሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ርካሽና ለስላሳ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ በሁለት ግድግዳ ስለሚታፈን በረጅም ሻካራ መንገድ ላይ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ፒስተኑን አይገታም። ቆሞ ሲበርድ ተመልሶ ደህና ስለሚመስል ጋራዥ ስትወስደው ችግሩ አይገኝም። ባለ አንድ ቱቦው፣ ለምሳሌ ቢልስታይን 4600፣ ዘይቱንና ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናይትሮጂን በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያቸዋል፤ ሙቀቱም በቀጥታ በገላው ይወጣል። ለሚናጥ መኪና ይህ ጥሩ ልጓም ነው፤ በዝግታ የሚመጣውን የቦዲ እንቅስቃሴ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ኮኒ ኤፍኤስዲ ደግሞ ተጨማሪ የዘይት መተላለፊያ አለው። በፈጣን ትንንሽ ንዝረት ጊዜ ክፍት ሆኖ ይለሰልሳል፤ እንቅስቃሴው ረዘም ሲል ይዘጋና ይጠነክራል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከቢልስታይን ከፍ ይላል።

የእኔ ምክር ይኸውልህ። የጎማውን ንፋስ ካስተካከልህ በኋላም ሳህኑና ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኮኒ ውሰድ። የሚያስጨንቅህ ቦዲው ከድልድዩ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ መዋዠቁ ብቻ ከሆነ ቢልስታይን ይበቃሃል። አራቱንም ባንድ ጊዜ ቀይር፤ ገንዘቡ ካልደረሰ የአንዱን አክስል ጥንድ። አንዱን ጎን ብቻ ፈጽሞ አትቀይር።

ስታዝ የሞተርሆሙን ስም አትንገራቸው፤ ሾኩ የሚመረጠው በሻንሲው ነው። የሽያጭ ወረቀቱ 2008 ይላል ብለሃል፣ ግን ቤቱን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዓመት ሻንሲ ገዝተው ነው የሚሠሩበት። የሻንሲ ቁጥሩን አሥረኛ ምልክት እይ፤ 7 ከሆነ ሻንሲው የ2007 ነው፣ 8 ከሆነ የ2008። እሱንና ተለጣፊው ላይ ያለውን ጠቅላላ የክብደት ወሰን ለሻጩ ስጥ። መሪው ዘንግ ላይ በአግድም የተኛውን ሾክ መሳይ ነገር ከአራቱ ጋር አትቁጠረው፤ የመሪ ማረጋጊያ ነው፣ ለብቻው ይታዘዛል።

መግጠሙን ራስህ ትችላለህ። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ሜዳ ላይ፣ ፊትና ኋላ ታኮ አድርገህ ሥራ። በማመጣጠኛ ክሪኮቹ ተነሥቶ በቆመ መኪና ስር ግን በፍጹም እንዳትገባ፤ ሃይድሮሊኩ ቢለቅ ማምለጫ የለህም። በዋዜማው ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት እርጫቸው፤ በነጋታው አንዴ ድገማቸው። እምቢ ካሉ ረጅም እጀታ ተጠቀም፣ እሳት ግን ሾኩ አጠገብ አታቅርብ፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው። ቢልስታይኑ በማሰሪያ ታስሮ ይመጣል። አንዱን ጫፍ ሳትገጥም ማሰሪያውን ከቆረጥኸው ዘንጉ ራሱ ይዘረጋና መልሰህ ለመጫን ትቸገራለህ። ዳዶዎቹን መጨረሻ የምታጠብቃቸው መኪናው በራሱ ክብደት በእግሩ ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ የቡሺንጉ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የማጥበቂያውን ልክ ከሾኩ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ወስደህ በቶርክ ቁልፍ (ኃይሉን በሚለካው ቁልፍ) አጥብቅ፤ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ደግመህ ፈትሻቸው።

በዚህ ሳምንት አስመዝነውና የሚዛኑን ወረቀት ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቅዳሜ ማታ እደውልልሃለሁ፤ አብረን እንመርጣለን። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ