ለአባቴ፦ ስለ ጥዱ ጠረጴዛና ስለ ቁም ሳጥኑ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር የጥዱ ጠረጴዛ መልኩን እየለወጠ መምጣቱን፣ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ አልከፈት ማለቱን፣ ከአንዱ ጉጥም ሙጫ መውጣት መጀመሩን ነግረውኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ በቅጡ ስላልተደማመጥን፣ ቀስ ብለው እንዲያነቡት በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ።

መልኩ አያሳስብዎት። ጥድ አዲስ ሲሠራ ነጣ ያለ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ስለሚለወጥ፣ እያደር ማር የመሰለ ቀለም ይይዛል፤ ለእኔ እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረኝ። የሚያስከፋው ቀለሙ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ነው። የአበባ ማስቀመጫው ሲነሳ ከሥሩ ፈዛዛ ክብ የሚታየው ብርሃን ሳያገኘው በመቆየቱ ስለሆነ፣ በላዩ የሚቀመጡትን ዕቃዎች አልፎ አልፎ ቦታ ቢያቀያይሯቸውና ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ መጋረጃውን ቢስቡ ይበቃል።

ከቀለሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ጠረጴዛውን በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ እንደሚወለውሉት አውቃለሁ፤ ንጽሕና መውደድዎን ባከብርም ይህን ልማድ ቢተዉት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ያለ ጥድ በብዛት የሚጎዳው በቸልታ ሳይሆን በእንክብካቤ ብዛት ነው። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ያንሱት። ቆሻሻ ከያዘም ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ጨርቁን አጥብቀው ጨምቀው፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይጥረጉና ወዲያው በሌላ ጨርቅ ያድርቁት። በረኪና፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃና ሻካራ ስፖንጅ አያስጠጉት። ሲሊኮን ያለበት የሚነፋ ማወልወያም ለጊዜው ቢያብረቀርቀውም፣ ወደፊት ቫርኒሹን እናድስ ስንል አዲሱ ቅብ በእኩል እንዳይዝ ያደርጋል።

ትኩስ ኩባያ የተወው ነጭ ክብ ብዙውን ጊዜ እርጥበቱ በቫርኒሹ ውስጥ በመያዙ የሚመጣ ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ቢደርቅ ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ መሳቢያው ልምጣ። እንጨት አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም የሚሆነው በወርዱ ነው እንጂ በቁመቱ ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ አናጢ ጠርተው አሁኑኑ እንዳያስልጉት አደራ እላለሁ። በእርጥብ ወቅት የተላገ መሳቢያ አየሩ ሲደርቅ ክፍተት ያወጣል፤ የተላገውን መመለስ ደግሞ አይቻልም። ለጊዜው መሳቢያው የሚንሸራተትባቸውን ጠርዞች ነጭ ሻማ ቢቀቧቸው ይላላል። በደረቁ ወቅትም አልከፈት ካለ ያን ጊዜ መላጊያ እናነሳለን። የክፍሉ የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ለእንጨቱ ይስማማዋል፤ ቁም ሳጥኑም ከማሞቂያና ከሚረጥብ ግድግዳ ራቅ ይበል።

ሙጫው ቅርንጫፍ በበቀለበት ጉጥ ላይ ተጠራቅሞ የቀረ ነው። እንጨቱ በማድረቂያ ምድጃ በበቂ ሙቀት ካልደረቀ ሙጫው በውስጡ አይጠነክርም፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየለሰለሰ ይወጣል። እያጣበቀ ሳለ ቢፍቁት ይበልጥ ይለቀለቃል፤ በረዶ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ጥቂት ቢያስነኩት ይደርቅና በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ተፈንቅሎ ይነሳል። የቀረውን ተርፐንታይን በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ በትንሹ ይጥረጉት፤ ግን አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። አልኮል አይጠቀሙ፤ አንዳንዱን ቫርኒሽ ያሟሟል።

በጥፍር እንኳ የሚሰረጉደው ጥድ ስለሆነ የጠረጴዛው ስርጉዶች አያናድዱዎት። ቫርኒሽ ያልተቀባው የመደርደሪያው ስርጉድ ግን ይነሳል። ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገው እስኪመጠጥ ይጠብቁ፤ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ደርበው የሞቀ ካውያ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳርፉበት። እንፋሎቱ ገብቶ የተጨፈለቀው እንጨት ቀስ እያለ ሲያብጥ በዓይንዎ ያዩታል። እንጨቱ ተቆርጦ ከሆነ ግን አይነሳም፤ ቫርኒሽ በተቀባው ላይም አይሞክሩት፣ ነጭ ያደርገዋል።

ይህን መደርደሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ሰም በስሱ ቢቀቡት ይበቃዋል። የተልባ ዘይት ከተጠቀሙ ግን፣ አባቴ፣ የዘይቱን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ እንዳይጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት።

በቁም ሳጥኑ ጀርባ አየሁ ያሉኝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ነቀዝ የወጣባቸው ናቸው፤ አሮጌ ከሆኑ ግን ጉዳት የላቸውም። ጥቁር ወረቀት ከሥራቸው አንጥፈው ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት። አዲስ ፈዛዛ ዱቄት ካገኙበት ይደውሉልኝ፤ ቁም ሳጥኑን ግን ብቻዎን አይግፉት፣ መጥቼ እኔው አዙሬ አየዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ