ለማይቆሙትም ቦታ ይኑር

ለእስራኤል መንግሥት የምልክቶችና የሥነ ሥርዓቶች የሚኒስትሮች ኮሚቴ
ኢየሩሳሌም

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ታናሽ ወንድሜ ውትድርና ላይ እያለ ነው ያረፈው። በየዓመቱ ለወደቁ ወታደሮች በሚደረገው የመታሰቢያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሀገሩ ሁሉ ቆሞ ዝም እንዲል ሳይረኑ ሲጮኽ፣ መቃብሩ አጠገብ እቆማለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ለእኔ ግን አያልቅም።

ሕንጻችን ውስጥ የሚኖሩ አንድ ሀረዲ (ሃይማኖቱን አጥባቂ አይሁዳዊ) ሽማግሌ ግን አይቆሙም። ይህን የሰማሁ ቀን አንጀቴ አረረ። በኋላ አባቴን ደረጃ ላይ አገኙትና የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠየቁት። አባቴ፣ «የቱን ስም? እኔ ያወጣሁለትን ነው ወይስ እዚህ የተሰጠውን?» አላቸው። «እርስዎ የሚጠሩትን» አሉ። ለካ በስሙ ፊደላት የሚጀምሩ የሚሽና (የጥንቱ የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) ምዕራፎችን ለነፍሱ ሊያጠኑለት ኖሯል።

እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። በሳይረን ጸጥ ብሎ መቆም ከአባቶች የተወረሰ ሥርዓት አይደለም፤ ሙት የሚታሰበው በመዝሙረ ዳዊት፣ ካዲሽ በሚባለው የሙታን ጸሎትና በትምህርት ነው ይላሉ። ይህ ለእኛ ለቤተ እስራኤል እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ወደ እስራኤል ለመምጣት በሱዳን መንገድ ሲጓዙ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። ያን ጊዜ ማን ሳይረን ነፋላቸው? የነበረን ጸሎትና እንባ ብቻ ነው። ዛሬም በዕብራውያን አቆጣጠር ኢያር 28 ቀን ኢየሩሳሌም ባለው ሄርጽል ተራራ ላይ ስናስባቸው ሆዴን የሚያላውሰው የቄሶቻችን ጸሎት ነው።

ባንዲራ ማቃጠል ግን ሌላ ነው። ሜአ ሸአሪም በሚባለው የኢየሩሳሌም የሀረዲዎች ሰፈር ውስጥ በነጻነት ቀን የሚያቃጥሉ አሉ። ወንድሜ የተሸኘው በዚያ ባንዲራ ተሸፍኖ ነው። ያንን ሳይ ያመኛል፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን ዳዊት የሚደግመውን ሰው ከእነዚያ ጋር አንድ ላይ መውቀጥ ግፍ ነው። ብኔ ብራክ ከተማ የሚገኘው የፖኒቬዥ የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) እኮ የሀረዲ ነው፤ በነጻነት ቀን ጣሪያው ላይ ባንዲራ ይሰቀላል። ይህን ያስጀመሩት መሥራቹ ረቢ ካሃኔማን ናቸው።

መንግሥት ሲፈልግ ቦታ መስጠት ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 የነጻነት አዋጁ ሲጻፍ የእግዚአብሔር ስም ይግባ፣ አይግባ የሚል ክርክር ነበር። «የእስራኤል ዐለት» በሚለው ቃል ሃይማኖተኛውም ሃይማኖት የሌለውም ተስማማ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የመታሰቢያው ቀን ቅዳሜ ማታ የሚጀምር ከሆነ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ለዝግጅት ሲባል ሰንበት እንዳይሻር። የእኛም በዓል ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የመታሰቢያውን ቀን መርሐ ግብር ስታወጡ፣ በሳይረኑ ሰዓት ቆሞ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ዳዊት እንዲደግም ወይም ሚሽና እንዲያጠና በግልጽ ጋብዙት። ያም መታሰቢያ እንደሆነ በመንግሥት ስም ይነገር። ለትምህርት ቤቶችም ይድረስ፤ ልጆቻችን የማይቆመውን ሰው ከመስደባቸው በፊት ለምን እንደማይቆም ይወቁ።

እኔ ዘንድሮም እቆማለሁ። ሽማግሌውም ሚሽናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አባቴ የልጁን ስም በትልልቅ የዕብራይስጥ ፊደላት ጽፎ ሰጥቷቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ወንድሟን የቀበረች እኅት