የስም ዝርዝሩን ማን አወጣው?

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በፋሲካ ዋዜማ በሰፈራችን በሽሮ ሜዳ ለችግረኛ ቤተሰቦች ስለተደረገው የማዕድ ማጋራት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታል። ዱቄቱና ዘይቱ መሰጠቱ እውነት ነው፤ የሰጠውንም ድርጅት እግዚአብሔር ይስጥልን ብለናል። ያልተዋጠልኝ ተረጂዎቹ «ድርጅቱ ባካሄደው ጥናት ተለይተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥናቱን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ የሚያድረው እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። የድርጅቱ ባለሙያዎች መጥተው የገለበጡት እኔ በእድር ጸሐፊነቴ የምይዘውን ደብተር ነበር። በደብተሩ ላይ ስሞቹ የሰፈሩት መዋጮ ስንሰበስብ ከድልድዩ ተነስተን ሽቅብ እስከ ቦኖው በምንሄድበት የቤት ተራ ነው፤ በዕለቱ ከመድረክ የተነበበው ዝርዝርም ያንኑ ዳገት አንድ ቤት ሳይስት ወጣው። በባለሙያ የተሠራ ጥናት ከእኔ እግር ጋር ይህን ያህል መግጠሙ በእውነት ይደንቃል።

ነገሩ የስም ጥማት እንዳይመስልብኝ ምክንያቴን ላስረዳ። ወረዳም ሆነ ድርጅት ችግረኛ ሲመዘግብ አስቀድሞ መታወቂያ ይጠይቃል። ከሰው ጓሮ በተቀጠለች ክፍል ተከራይታ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ልጆች የምታሳድግ እናት ግን ብዙ ጊዜ የሰፈሩ መታወቂያ የላትም፤ ዓይኑ የደከመ ሸማኔ ደግሞ መታወቂያ ቢኖረውም ይሉኝታ ይዞት ወረዳ ደጅ አይቆምም። እነዚህን ሰዎች የሚያውቃቸው፣ ወርሃዊ መዋጮ ሲያጥራቸው «ይቆይላችሁ» ብሎ የሚያልፋቸው እድር ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባራቆተበት ዘመን ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩ የአዲስ አበባ እድሮች ጥቂት አልነበሩም፤ የእኛም ደብተር የተከፈተው ያኔ ነው። እናንተ ግን ቤተሰቦቹን «ጠያቂ ያልነበራቸው» አላችኋቸው። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

ሕጉ የሚለውንም እናውቃለን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ የድርጅት ምዝገባ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ለጋሽ በሌላ በኩል እንጂ በእኛ በኩል ሊመጣ አይችልም፤ በዚህም ቅሬታ የለኝም። ያው አዋጅ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች ከገቢያቸው እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ እንዲያውሉ ይፈቅዳል። የእኛ የአስተዳደር ወጪ እስክሪብቶ ነው፤ እሱንም የምገዛው ራሴ ነኝ። የሚያሳስበኝ ግን ዘገባችሁን አይቶ ለመርዳት የሚነሳ ሰው የሚሄደው «አጥንቷል» ወደተባለው ቢሮ መሆኑ ነው፤ እዚያ ያለው ቅጂ ደግሞ ማን እንደሞተ፣ ማን ሰፈር እንደለቀቀ፣ ማን እንደወለደች ከእንግዲህ አይነግረውም።

ፎቶግራፉም ሌላ ጉድ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ከኋላ ጉልቻ ላይ የተጣደው ብረት ድስት ሁሉ የእድራችን ንብረት ነው። በድንኳኑ ግንባር በቀይ ቀለም የተጻፈውን ስማችንን የድርጅቱ ባነር ሸፍኖት «መረዳ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ብቻ ተርፈዋል፤ አንባቢን ካደናገሩ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘጋቢያችሁ የድርጅቱን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በሰፊው ሲያነጋግር፣ ከጎናቸው የነበሩትን የእድሩን ዳኛ ያናገራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «አባባ፣ ለፎቶ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ሲል።

ስለዚህ የስም ዝርዝሩ የተገኘው ከእድሩ መሆኑን የሚገልጽ ማስተካከያ፣ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁ ራሱ ማረጋገጥ ከፈለገ እድራችን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል፤ የሚያረፍድ አባል ይቀጣል፣ እንግዳ ግን አይቀጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ጸሐፊ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ