በያጅ ያልተጠራበት የብየዳ ሥራ ትንተና፦ ለቢሮ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

ስምዎንም የቢሮዎንም ስም አልጻፍኩም። ደብዳቤዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ደርሰው ከሆነ ማን ለማን እንደጻፈ ያውቁታል። ካልደረሱ መዝገብ ቤትዎን ይጠይቁ፤ የገቢ ማህተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እኔ ጋ አሉ። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች። ባለሙያው «ከበላይ አካል እየጠበቅን ነው» ይላል። የበላይ አካሉ እርስዎ ነዎት። በር ዘግተን ልንጨርሰው የምንችለውን ነገር አደባባይ ያወጣሁት ለዚህ ነው።

እኔ የብረታ ብረት አሰልጣኝ ነኝ። ቢሮዎ የሥራ ቦታ መሠረታዊ ክህሎቶችን የሚተነትኑ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ሰርተፊኬት ሲሰጥ፣ ከተሰጣቸው አንዱም ነኝ። ሐሳቡን መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሠራተኛ ሥራው ላይ ምን ያነባል? ምን ያሰላል? ምን ይጽፋል? ከማን ጋር ምን ይነጋገራል? ይህን ከራሱ ከሥራው ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ከተገኘ፣ የሙያ ደረጃውም ሥልጠናውም ምዘናውም መልክ ይይዛል። የጎደለንም እሱ ነው።

ሥልጠናው የተሰጠው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ ፕሮጀክተር በርቷል። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው የዕቅድ ባለሙያዎች፣ የሰው ሀብት ኃላፊዎችና የቡድን መሪዎች ናቸው። ከወርክሾፕ የመጣነው ጥቂት ነን። የማጠቃለያው ልምምድ ሲነገረን ለእኔ ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ። «የደረጃ 2 በያጅን ሥራ ተንትኑ» ተባልን።

ከሆቴሉ አጥር ውጭ የብየዳ ቤቶች ተደርድረዋል። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። የግራይንደሩ ጩኸት አላነጋግር አለን። አስተባባሪው ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ የብየዳን ሥራ መተንተን ቀጠልን።

ለማሳቅ የጨመርኩት አይደለም፣ ክቡር ኃላፊ። እንዲህ ነው የሆነው።

እኔም እጄን አወጣሁ። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው በያጅ አለ። በሙያው ሃያ ዓመት ያለፈው ባለሙያ ነው። «ለአንድ ሰዓት መጥቶ እንጠይቀው» አልኩ። አስተባባሪው «መስፈርቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው» አለኝ። «ሠልጣኝ አይሁን፣ እንጠይቀው ብቻ» አልኩ። «አበል አልተያዘለትም» አለ። «አበል አይፈልግም» ስለው፣ «ለፕሮቶኮል አይመችም» ብሎ ዘጋው። ወዲያው የሻይ ሰዓት ሆነ።

ጋሼን ለማያውቁት ልንገርዎ። ሥልጠናው 70 በመቶ ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶ ኮሌጅ ውስጥ ይሁን የምትሉን እናንተ ናችሁ። እኔ ሠልጣኞቼን ለትብብር ሥልጠና የምልከው እሱ ጋ ነው። ቅጻቸውን ይፈርማል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ያሠራል። ያንን ፊርማ ቢሮዎ ይቀበለዋል። አዳራሹ ግን አልተቀበለውም።

መስኮቱ ባይዘጋ ኖሮ ምን እናይ ነበር? አንድ ጠዋት እሱ ጋ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ላካፍልዎ።

ደንበኛ በስልኩ የበር ፎቶ ይዞ መጣ። ጋሼ ፎቶውን አየ፣ ቦታውን ጠየቀ፣ ካርቶን ላይ ንድፍ አወጣ። ሁለት ተከፋች፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜትር ስፋት፣ 2.2 ሜትር ቁመት። ለፍሬሞቹ አራት ባለ 1.5 እና አራት ባለ 2.2 ብረት ይፈልጋል። ብረቱ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ተለማማጁ ልጅ ቶሎ ብሎ «አራቱን 1.5 ከአንዱ ብረት ላውጣ» አለ። ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ አራት ጊዜ 1.5 ስድስት ነው። ጋሼ ግን ሳቀ። ዲስኩ በቆረጠ ቁጥር ሚሊሜትሮችን ይበላል፣ የመጨረሻው ያጥራል። እሱ ከአንዱ ብረት ሁለት 2.2 እና አንድ 1.5 ያወጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፈዋል፣ ዲስኩም ከዚያ ላይ ይበላል። ሁለተኛውን እንዲሁ ያደርጋል። ከሦስተኛው የቀሩትን ሁለት 1.5 ቆርጦ፣ ግማሽ የሚያህለው ብረት ሳይነካ ይቀራል። እሱ ለሚቀጥለው መስኮት ይሆናል። ይህን ሁሉ ያሰበው ደንበኛው ስለ ዋጋ እየተከራከረው ነው።

ፍሬሙን ሲገጥም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱ እኩል ካልመጡ በሩ ጠማማ ነው። ልጁ ለምን እንደሆነ ጠየቀው። አስረዳው። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ከማስረዳው ይሻላል።

ከዚያ የኤሌክትሮድ (የመበየጃ ዘንግ) ፓኬት አነሣ። ጋሼ እንግሊዝኛ አይናገርም። ፓኬቱን ግን ያነበዋል። ኢ6013 የሚለውን አይቶ 60ው የጥንካሬው መጠን እንደሆነ፣ 1ዱ ደግሞ ተኝቶም ቆሞም ከላይም ለመበየድ እንደሚያገለግል ይነግርዎታል። ከጎኑ ያለውን የአምፔር ሠንጠረዥ በጣቱ ተከትሎ ያነባል። የቱቦው ብረት ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ስለነበር 3.2 ኤሌክትሮዱን መለሰና 2.5 አነሣ። በወፍራሙ ቢሞክረው ይበሳዋል። ደንበኛው ለበሩ ፊት ስስ ላሜራ ይሁንልኝ፣ ይረክሳል ሲል ደግሞ ሳይጣላ፣ ሳያዋርደው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አሳይቶ አሳመነው።

ንባብ፣ ሰነድ መጠቀም፣ ሒሳብ፣ ችግር መፍታት፣ ተግባቦት፣ ሌላውን ማስተማር። ሁሉም አንድ ጠዋት ላይ አሉ። ተንታኝ የተባለው ሰው ሥራው እነዚህን መልቀም ነበር።

የእኛ ቡድን ምን አደረገ? አንዱ ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ የተሠራ የፀጉር ሥራ ሠንጠረዥ ነበረው። የሙያውን ስም ቀየረው። «በሥራ ቦታ ተግባቦት መሳተፍ» እና «በቡድን መሥራት» የሚሉት ክፍሎች እንዳሉ ቀሩ፤ በአገራችን የሙያ ደረጃዎች ውስጥ ለአብዛኛው ሙያ አንድ ዓይነት ናቸውና። የፊሊፒንስን የሙያ ደረጃ ከፍተው ቢያዩ ርዕሶቹን እዚያም ያገኟቸዋል። ከሰው መማር አያስነውርም። ግን በያጁም ፀጉር ሠሪውም አስተናጋጁም በምን ሒሳብ አንድ ዓይነት ነገር ያነባሉ? አምስቱን «ማ»ዎች፣ ያንን የሥራ ቦታን የማጽዳትና የማደራጀት ዘዴ፣ ከጃፓን ስንወስድ እንኳ የየራሳችንን ወርክሾፕ መጥረግ ነበረብን። የጃፓኖቹን ወለል ፎቶ አንሥተን አልለጠፍንም።

ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ «የደንበኛዋን ምቾት መጠበቅ» የሚል መስመር ሳይነሣ ቀርቶ ነበር። ማንም አላየውም። ቀረበ፣ ተጨበጨበለት፣ ጸደቀ። የቡድን ፎቶ ተነሣን። ፎቶው የቢሮዎ ፌስቡክ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ።

የሚገርመው፣ ትክክለኛው አሠራር ስላይዱ ላይ ነበር። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዘጠኝ መሠረታዊ ክህሎቶችን ለይታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙያዎችን እንዴት እንደተነተነች ታይቶናል። ተንታኞቹ ሠራተኞቹን ራሳቸውን እየጠየቁ፣ በሥራ ላይ የሚጠቀሙባቸውን ወረቀቶች እየሰበሰቡ ነው የሠሩት። ዳካም የሚባለው ዘዴም ታይቶናል፤ እሱም እዚያው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው። ከ5 እስከ 12 የሚሆኑ የሙያው ሰዎች ተቀምጠው ሥራቸውን ይናገራሉ፤ አወያዩ በካርድ እየጻፈ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ታዛቢ ካለ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ይላል። ዝም ይላል፣ ክቡር ኃላፊ። በእኛ ስልት ታዛቢዎቹ ጠረጴዛውን ከበቡት፣ በያጁ ከአጥር ውጭ ቀረ።

እዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን፣ ሌላ አንድ ሥልጠና ባከነ ብዬ ዝም እል ነበር። የጻፍኩልዎ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው።

አንድ ሥራ ተቋራጭ ጋሼን ለሥራ ፈለገው። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ አምጣ አለው። ጋሼ ከፍሎ ለደረጃ 2 ምዘና ተቀመጠ። በተግባር ምዘናው ብቁ ተባለ። በጽሑፉ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተባለ። የወደቀበትን ጠየቅሁት። «ከሚከተሉት ውስጥ የተግባቦት እንቅፋት ያልሆነው የቱ ነው» ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ቡድን ዓይነቶች፣ ስለ ስብሰባ አመራር። በሕይወቱ ስብሰባ መርቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ግን ተጣልቶት አያውቅም።

«እኔኮ ስለ አምፔር የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ተቋራጩ ሌላ ሰው ቀጠረ። የቀጠረው የእኔን ሠልጣኝ ነው፤ ጋሼ ጋ የተለማመደውን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ምንም ጥፋት የለበትም። ግን የሠለጠነው ብቁ፣ ያሠለጠነው ገና ብቁ ያልሆነ ሲባል ቢሮዎ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ደንገጥ ማለት አልነበረበትም?

ቅሬታ አቀረብን። መልሱ በቃል ነበር፦ «ለአንድ ሰው ተብሎ አሠራር አይቀየርም።» አሠራሩ እንዲቀየር ማን ጠየቀ? የሙያ ደረጃው ሰነድ ራሱ፣ የምዘና ዘዴ በሚለው ርዕስ ሥር፣ «ቃለ መጠይቅ ወይም የጽሑፍ ፈተና» ይላል። ወይም ይላል። ተግባሩን ሲያሳይም በቃል ሊጠየቅ እንደሚችል ይላል። ጋሼ በቃል ቢጠየቅ ከመዛኞቹ ጋር ማታ ድረስ ያወጋ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ ስትራቴጂም ሰው ሙያውን በየትም ይልመደው በየት፣ ብቃቱ ተመዝኖ ዕውቅና እንዲያገኝ ነው የሚለው። የሙያ ደረጃም ከሥራው ዓለም በመጡ ባለሙያዎች እንዲዘጋጅ ነው የሚለው። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በየመድረኩ ሲናገሩት ሰምቼዎታለሁ።

በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ የሥልጠናው ዕቅድ መቶ በመቶ ተሳክቷል ይላል። በሰው ቁጥር ከሆነ እውነት ነው። ወንበሮቹ ሞልተው ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያ ሠንጠረዥ ይሰረዝ። ትንተናው በያጆች በተቀመጡበት እንደገና ይሠራ፤ ሆቴል አያስፈልግም፣ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሼ በጽሑፍ የወደቀበትን ክፍል፣ ሰነዱ በሚፈቅደው መሠረት፣ በቃል ይመዘን። አሁን «ለድጋሚ ምዘና እንደገና ክፈል» ተብሏል። መክፈል የለበትም። የመጀመሪያው ደረሰኝ እጄ ላይ ነው፣ ሲፈልጉ አመጣለሁ።

የተሰጠኝን የተንታኝነት ሰርተፊኬትም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መመለስ አስቤ ነበር። አልመልሰውም። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተሠራ የሚመሰክር ሌላ ወረቀት የለኝም።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የብረታ ብረት አሰልጣኝ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ መልስ ካላገኙት ደብዳቤዎቼ ጋር እንዲያያዝ
ለሥልጠናው አስተባባሪ